ጊታር ሲያዝዙ ፊቱን ይጠይቁ

ጆሮዎን ወዲህ ያድርጉልኝ። ቦምቤም ይሁን አረካ፣ ሶዶም ይሁን አዲስ አበባ፣ በእጅ የሚሠራ ክላሲክ ጊታር ሊያዝዝ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው። «ጀርባው ከምን እንጨት ይሠራልኛል?» ይላል። ሠሪውም ደስ ብሎት ጣውላ ያወጣል፣ በውሃ እያረጠበ ቀለሙን ያሳያል። ደንበኛው በመልኩ ይማረካል፣ ዋጋውም እዚያው ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ፊቱ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛ የሥራው ሰዎች ግን እርስ በርስ ስንጨዋወት ስለ ጀርባ ብዙም አናነሳም። ወሬያችን ስለ ፊቱ ነው፤ ስንት ዓመት እንደደረቀ፣ መስመሩ እንዴት እንደሄደ፣ ምን ያህል እንደሳሳ። የጊታር ድምፅ የሚወሰነው እዚያ ነው። ይህን ለደንበኛ በግልጽ የምንነግረው እምብዛም ስላልሆነ ዛሬ ልንገርዎት።

ነገሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የሚባል ስፔናዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1817 ተወልዶ በ1892 አረፈ። ዛሬ ክላሲክ ጊታር የምንለውን ቅርጽ፣ የ650 ሚሊሜትሩን የክር ርዝመት፣ ከፊቱ ሥር ተዘርግተው የሚለጠፉትን ቀጫጭን ደጋፊ ዘንጎች መልክ ያስያዘው እሱ ነው። ይህ ሰው በ1862 አንድ ጊታር ሠራ። ፊቱን ከጥሩ እንጨት፣ ጀርባውንና ጎኑን ግን ከካርቶን። ድምፅ የሚሰጠው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነበር የሠራው። ያ ጊታር ዛሬም ባርሴሎና ውስጥ በሙዚቃ ሙዚየም ተቀምጧል።

በቅርቡ ደግሞ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ነገሩን በሌላ መንገድ ፈተሹት። ከላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የወጣውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ከጀርባና ከጎናቸው እንጨት በቀር በሁሉም ነገር እንዲመሳሰሉ የተሠሩ ስድስት ጊታሮችን ለ52 ጊታር ተጫዋቾች ሰጠ። ተጫዋቾቹ እንጨቱን በዓይን እንዳይለዩ ተደርገው ተጫወቱ። የሰጡት ነጥብ ውድ የሆነውን እንጨት ከርካሹ አልለየውም። ጊታሮቹ የብረት ክር ያላቸው ነበሩ እንጂ እንደ ክላሲኩ ናይለን አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። ጀርባ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። ክብደቱና ጥንካሬው በድምፁ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን ሰው ለጀርባ የሚከፍለው ገንዘብና ጀርባው ለድምፁ የሚያበረክተው ነገር በፍጹም አይመጣጠኑም።

ለአገራችን ሠሪ ይህ እንግዳ ሐሳብ መሆን የለበትም። በገና የሚሠራ ሰው ገበቴውን ከዋንዛ ይጠርብ ይሆናል፤ ጭንቀቱ ግን ቆዳው ላይ ነው። ቆዳው በወጉ ካልተፋቀ፣ እኩል ካልተወጠረ፣ አሥሩም አውታር ቢታሰር በገናው አይናገርም። ክራርም እንዲሁ ነው። ጊታር ላይ የቆዳውን ቦታ የያዘው ስስ እንጨት ነው፤ የሚጠይቀውም ያንኑ ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ ገንዘብዎን ፊቱ ላይ ያድርጉ፤ ጀርባውን ከደጅዎ ያግኙ። ወላይታ፣ ቦምቤ አካባቢ ላለ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። በየጓሮው፣ ቡናና እንሰት መሃል፣ ዋንዛ አለ። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ነጭ አበባውን ሲያፈስ ንብ የሚሰፍርበት ያ ዛፍ ለጊታር ጀርባ የተመቸ እንጨት ነው። ልቡ ከቀላል ቡናማ እስከ ቀላ ያለ ቡናማ ይሄዳል፤ ለመላጊያ አያስቸግርም፣ ሲወለወል ያበራል፣ ክብደቱም ልከኛ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልዎት። በዓለም ላይ ያሉ የጊታር ሠሪዎች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት ዚሪኮቴ የሚባል የሜክሲኮና የቤሊዝ እንጨት አለ፤ ጠቆር ያለ፣ ጥለቱ የሚያምር። እሱና የእኛ ዋንዛ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው፤ ሁለቱም ኮርዲያ ከሚባለው ዘር ይመደባሉ። ዋንዛ የዚሪኮቴን ጥለትና ክብደት የለውም፤ ያን አልልዎትም። ግን «የአገር እንጨት ለጊታር አይሆንም» የሚል ሰው ቢገጥምዎት ይህን ይንገሩት።

የዋንዛ ችግሩ ግንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ጠማማ ስለሆነ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ማውጣት ያስቸግራል። አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩት ሰዎች የሚያማርሩትም ለዚህ ነው። ለጊታር ግን ረጅም ጣውላ ማን ጠየቀ? ጀርባው ሁለት ግማሽ ነው፤ እያንዳንዱ 20 ሴንቲሜትር ስፋትና 55 ሴንቲሜትር ርዝመት ካለው ይበቃል። ለጎኑ 80 ሴንቲሜትር ርዝመትና 11 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ስስ ቁራጮች ናቸው የሚያስፈልጉት። ስለዚህ የአልጋ ሠሪው ጥሎት ከሚሄደው ቁራጭ መካከል ጥሩ ጊታር አለ። ሁለቱ ግማሾች ከአንድ ጣውላ ተሰንጥቀው የወጡ ይሁኑ፤ ጎን ለጎን ሲገጠሙ መስመሩ ግራና ቀኝ ይመሳሰላል፣ ሲደርቁም እኩል ይንቀሳቀሳሉ። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ነጩ ክፍል ከቡናማው ጋር ሲታይ ያምራልና «ይተውልኝ» የሚሉ አሉ። አይተዉት። ትል የሚገባው በእሱ በኩል ነው።

አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምነግርዎት ነገር አለ። ከሁሉም የሚሻለው ዋንዛ አሁን የተቆረጠው አይደለም፤ በቤት ውስጥ ሲኖር የኖረው ነው። የአያት አልጋ፣ የተጣለ የበር መዝጊያ፣ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ። እንዲህ ያለው እንጨት ስንት በጋና ስንት ክረምት አሳልፎ መንቀሳቀሱን ጨርሷል። ሠሪዎች እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያገኙ ዝም ብለው ገዝተው ያስቀምጣሉ። እርስዎም ቤትዎ ካለ ይዘውለት ይምጡ፤ ዋጋውም ይቀንስልዎታል። ምስማር የገባበትን ቦታ ብቻ አስቀድመው ያሳዩት፣ የመጋዙን ጥርስ ይበላበታልና።

አዲስ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች የደን ሕጎች ወጥተዋል። ከራስ ጓሮ የተቆረጠም ቢሆን ከቀበሌ ወረቀት ይዞ መንቀሳቀስ ይሻላል። ወረቀት የሌለው ጣውላ ረከስ ብሎ ሲቀርብልዎት ምክንያቱን ይገምቱ። ጥቁር እንጨትን ደግሞ ጨርሶ አያዝዙ። ቅርፊቱ ለመድኃኒት እየተባለ በመላ አፍሪካ ሲመናመን የኖረ፣ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ያለ ዛፍ ነው። ለአንድ ጊታር ሲባል አንድ ጥቁር እንጨት መውደቅ የለበትም፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ዋንዛ ካልሆነልዎት በየእርሻው ዳር የቆመው ግራቪሊያ አለ። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ በአገሩ ሠሪዎች ለጊታር ይጠቀሙበታል። ሰንጣቂው ግንዱን ከዳር ወደ መሃል፣ ማለትም ወደ ልቡ አቅጣጫ ከሰነጠቀው ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ያየው ሰው ከየት አገር የመጣ እንጨት ነው ብሎ ይጠይቃል። በተለመደው መንገድ ከተሰነጠቀ ግን ያ ጥለት አይታይም። ስለዚህ ጣውላ ከመግዛት ይልቅ ግንዱ ሳይሰነጠቅ ደርሶ ለመጋዙ ሰው መንገር ይሻላል።

የፈረንጅ ጥድንም አይናቁት። ለአጥርና ለቤት ማዋቀሪያ ብቻ ስለምናየው ረክሶብናል። ስፔን ውስጥ ግን የፍላሜንኮ ጊታር ጀርባና ጎን ከዱሮ ጀምሮ የሚሠራው የዚሁ ወገን ከሆነ የሜዲትራኒያን ዛፍ ነው። ቀላል ነው፣ ሽታው ደስ ይላል፣ ድምፁ ፈጥኖ ወጥቶ ፈጥኖ ያልቃል። የወላይታን ፈጣን ምት በመዳፍና በጥፍር እየመቱ ለሚጫወቱ ሰዎች እኔ ከዋንዛ አስቀድሜ እሱን እመክራለሁ። ረጋ ብሎ በጣት አንድ በአንድ እየለቀመ ለሚጫወት ግን ዋንዛው ይሻላል። ጉጥ የሌለው ቁራጭ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፉ ብዙ ነው።

ስለ ሮዝውድም ይጠይቁኝ ይሆናል። ስሙ ትልቅ ነው። የብራዚሉ ሮዝውድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ታግዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የዚያ ወገን ዛፎች በሙሉ ቁጥጥር ሥር ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚያ ቁጥጥር ወጡ። ስለዚህ አንድ ሠሪ «የብራዚል ሮዝውድ አለኝ» ካለዎት ወረቀቱን ይጠይቁት። የሕንዱ ሮዝውድ ጥሩ እንጨት ነው፤ ገንዘብ ተርፎዎት ከወደዱት ይሁንልዎ። ግን ለእሱ ሲሉ የፊቱን ጥራት እንዳይቀንሱ።

ወደ ፊቱ እንምጣ። በዓለም ላይ የክላሲክ ጊታር ፊት የሚሠራው በአብዛኛው ከሁለት እንጨት ነው፤ አንዱ ስፕሩስ፣ ሌላው ሲዳር። ስፕሩስ ነጣ ያለ ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ሲጫወቱበት እየቆየ የሚከፈት። ሲዳር ቡናማ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ሞቅ ብሎ ይናገራል። ሲዳርን ለክላሲክ ጊታር ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የማድሪዱ ሠሪ ሆሴ ራሚሬዝ ሦስተኛው ነው፤ ከዚያ በፊት በአብዛኛው ስፕሩስ ነበር። ሁለቱም አገራችን አይበቅሉም። ሁለት ሁለት ሆነው ተሰንጥቀው፣ ደርቀው ከውጭ ይመጣሉ፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፣ ክብደትም የላቸውም። ዘመድ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣልዎት ከሆነ ከጫማና ከሽቶ ይልቅ ይህን ያስመጡት።

በአገር እንጨት ፊት አይሠራም ወይ? ይሠራል። ከአገር በቀል ዛፎቻችን እንደ ስፕሩስ ካሉት ወገን የሚቆጠሩ ጥድና ዝግባ ናቸው። ጥዱ ይሰነጠቃል፣ ጉጡም ብዙ ነው። ዝግባ ግን ለስላሳ፣ መስመሩ እኩል፣ ሙጫ የሌለበት እንጨት ነው፤ ከአሮጌ ወለልና ጣሪያ የወጣ ዝግባ ባገኝ ለተማሪ ጊታር ፊት ሳላመነታ አውለዋለሁ። ከስፕሩስ ይከብዳል፤ ስለዚህ ይበልጥ መሳሳት አለበት፣ ሲሳሳ ደግሞ ጥንካሬው ይቀንሳል። ውጤቱ ደስ የሚል ግን አጠር ያለ ድምፅ ነው፤ ለቤትና ለልምምድ ያገለግላል። ለትልቅ አዳራሽ ያለ ማይክ ልጫወት የሚል ሰው ግን ከዝግባ የሚፈልገውን አያገኝም። ይህን ሠሪው በቀጥታ ሊነግርዎት ይገባል።

ሠሪው ፊት የሚሆነውን ጣውላ ሲያወጣልዎት እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ጫፉን ይዩት። መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ ያጋደሉ ከሆነ ያ ጣውላ ከግንዱ ዳር የተወሰደ ነው፤ በጎኑ በኩል ደካማ ነው። ቀጥሎ ፊቱ ላይ በብርሃን ያዘንብሉት። በአንድ በኩል ሲያዩት ነጭ፣ ገልበጥ አድርገው ሲያዩት ጠቆር የሚል ከሆነ የእንጨቱ መስመር በጣውላው ውስጥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየወጣ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ለዓይን ምንም አይጎድለውም፤ ጥንካሬው ግን ተቀንሶበታል። በመጨረሻ ድምፁን ይስሙ። ከአንዱ ጫፍ ሩብ ያህል ገባ ብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከላይኛው ጠርዝ ያንጠልጥሉት፤ በሌላው እጅ የጣትዎ አንጓ መሃሉን ቀስ ብለው ይምቱት። ጥሩው ጣውላ መልስ ይሰጣል፤ ድምፁ ጠርቶ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። እርጥቡ ወይም ደካማው «ዱፍ» ብሎ ያልቃል። ሁለትና ሦስት ጣውላ ተራ በተራ መትተው ካዳመጡ ጆሮዎ ልዩነቱን ይለያል፤ ለዚህ ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሠሪው እጅ ነው። ፊቱ ሲያልቅ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሲዳር ከስፕሩስ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ዳር ዳሩ ከመሃሉ ይሳሳል። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል። ጎበዙን የሚለየው ግን ጣውላውን በሁለት እጁ አጠፍ እያደረገ መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቁ ነው። ፈሪ ሠሪ ወፍራም ይተወዋል፤ ጊታሩ ለዘመናት አይሰበርም፣ ግን አይዘምርም። ገበያ ላይ ያለው የፋብሪካ ቦክስ ጊታር ድምፁ የታፈነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ፋብሪካው ተመልሶ እንዳይመጣበት ስለሚፈልግ ያወፍረዋል፤ ብዙ ጊዜም ፊቱ አንድ ወጥ እንጨት ሳይሆን ኮምፔንሳቶ ነው። በእጅ ለሚሠራ ጊታር ሲከፍሉ የሚከፍሉት ለዚያች ከሚሊሜትር በታች ለሆነች ልዩነት ነው።

ድርቀቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት፤ አብዛኛው የጊታር በሽታ ከዚህ ይነሳል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ እንዲያልፍበት በየመሃሉ ቀጭን ዘንግ እየገባበት የተደረደረ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ያ ለቤት ዕቃ ነው። ለጊታር ከዚያም በላይ ቢቆይ ይሻላል። ገጠር ሞፈርና ቀንበር ቆጥ ላይ ጭስ ሲጠጣ ይከርማል፤ አባቶቻችን እርጥብ እንጨት እንደሚያታልል ያውቁ ነበር። ቦምቤና ሶዶ ደግሞ በልጉም ክረምቱም እርጥብ ነው። በሐምሌ የተጣበቀ ጊታር እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ እንጨት ነው፤ ያንን ይዘው በታኅሣሥ አዲስ አበባ ቢገቡ፣ የበጋው ደረቅ አየር እርጥበቱን ሲመጥበት ይኮማተራል፤ ጎኑ ስለያዘው መኮማተሪያ ያጣል፤ ያኔ ፊቱ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ስለዚህ «መቼ ነው ፊቱና ጀርባው የሚጣበቁት?» ብለው ይጠይቁ። በጋ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በፊት እንዲደርስልኝ ብለው በክረምት መሃል የሚያስቸኩሉ ደንበኞች አሉ። ለበዓሉ መዝፈን ደስ ይላል፤ ጊታሩ ግን በክረምቱ ባይጣበቅ ይሻለው ነበር። የሚያስቸኩሉ ከሆነ ሠሪው እንጨቱን ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ የእርጥበት መለኪያ ባለበት፣ ሊያቆየው ይገባል። መለኪያው ከ45 እስከ 50 በመቶ ሲያሳይ ነው ማጣበቅ የሚገባው።

ልኩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የሠሪው ሞዴል 650 ሚሊሜትር ስለሆነ «ስታንዳርዱ እሱ ነው» ይልዎታል፤ ልክ ነው። ራሚሬዝ እስከ 664 ሠርቷል። ጣትዎ አጭር ከሆነ ግን 640 ወይም 630 ማዘዝ መብትዎ ነው፤ የአንገቱም ስፋት ክሩ ከሚነሳበት በኩል ከ52 ወደ 50 ሚሊሜትር ቢወርድ ኃጢአት የለበትም። በተለይ ሴቶች እህቶቻችን «እጄ አልደርስ አለ» ብለው ጊታር ሲተዉ ስሰማ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከመሣሪያው ልክ ነው። ይህን ሠሪው ካላነሳው እርስዎ ያንሱት፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አይቀየርም።

ደጋፊ ዘንጎቹን በተመለከተ የቶሬስን አሠራር ይዘው ይቆዩ። አውስትራሊያዊው ግሬግ ስሞልማን ከባልሳና ከካርቦን በመረብ መልክ ይሠራል፤ ጀርመናዊው ማቲያስ ዳማን ሁለት ስስ ፊት መሃሉ ላይ ቀላል ነገር አስገብቶ ያጣብቃል። ሁለቱም ኃይለኛ ድምፅ ያወጣሉ። ግን ቢሰበር ወላይታ ውስጥ ማን ይጠግነዋል? የእንጨት ዘንግ ቢላቀቅ ማንኛውም ጥሩ አናጺ ያጣብቀዋል።

ለጣት ሰሌዳው ወይራ እመክራለሁ። ከባድና ጥብቅ ነው፤ ለዘመናት ክር አይቦረቡረውም። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃልና ቀስ ብሎ የደረቀ መሆን አለበት። ክሩ ለሚታሰርበት፣ ፊቱ ላይ ለሚለጠፈው ማረፊያ ግን ወይራ አይሁን፤ ክብደቱ ፊቱን ያፍነዋል። ክሩ የሚያልፍበት ትንሿ ስንጥር ከበሬ አጥንት ትሁን። አጥንት በእኛ አገር አይጠፋም፤ ከበዓል በኋላ ተቀቅሎ፣ ስቡ ወጥቶ፣ በደንብ ከደረቀ ከፕላስቲኩ በእጅጉ ይበልጣል።

ወላይታ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጊታር የሚያዝዘው መዘምር ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ ከገቡበት እ.ኤ.አ. ከ1928 ወዲህ ያደገችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ያለ ጊታር አትዘምርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድምፁን ወደ ማጉያ የሚወስድ ፒክአፕ ይፈለጋል። ከፈለጉ ሳይሠራ በፊት ይናገሩ። ካለቀ በኋላ ጎኑ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ የሚቆረጥለት ዓይነት ለእጅ ሥራ ጊታር ስድብ ነው፤ ከማረፊያው ሥር የሚገባ ቀጭን ፒክአፕና ከጭራው በኩል አንድ ቀዳዳ ይበቃል። አደራዎን፣ የብረት ክር አይሰሩበት። ስድስቱ የናይለን ክሮች ተቃኝተው ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስቡታል፤ ብረቱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፣ ማረፊያውን ከነፊቱ ይነቅለዋል። ናይለን ራሱ ለጊታር የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአልበርት ኦገስቲን እጅ ነው፤ ከዚያ በፊት እንደ በገናችን አንጀት ነበር የሚታሰረው።

ቀለሙ ላይ ነው ብዙ ነገር የሚሸፈነው። የቤት ዕቃ ቤት የለመደ ሰው ወፍራም ቫርኒሽ ይረጫል፤ መስታወት አስመስሎ ያስረክብዎታል። ከዚያ ሥር በኮላና በመጋዝ ብናኝ የተሞላ ክፍተት ሊኖር ይችላል፤ ወፍራሙ ሽፋንም ፊቱን ያስረዋል። በስስ ሽላክ፣ በጨርቅ እየታሸ የተቀባ ጊታር ጭረት ይቀበላል፣ ላብ ያደበዝዘዋል፤ ድምፁ ግን ነጻ ነው፣ ሲጎዳም እንደገና ይታሻል። እኔ ብሆን ፊቱን በሽላክ፣ ጀርባና ጎኑን ጠንከር ባለ ስስ ቫርኒሽ አስቀባለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ጊታሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቀለም ሳይቀባ ይዩት። ያን ቀን ሄደው በቀዳዳው ትንሽ መስታወት አስገብተው ውስጡን ይመልከቱ፤ የተንጠባጠበ ኮላ፣ ያልገጠመ ዘንግ ካለ ያኔ ይታያል። ይህን ጥያቄ የሚጠላ ሠሪ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ኮላውም ነገር አለው። ተራው ነጭ ኮላ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፣ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ፣ ክሩ እየሳበው ማረፊያው ቀስ እያለ ይሸሻል። በተለይ ማረፊያውና አንገቱ በምን እንደተጣበቁ ይጠይቁ።

ጌጡን እንደ ልብዎ። በቀዳዳው ዙሪያ የሚሠራው ክብ ጌጥ የሠሪው ፊርማ ነው፤ እኔን ግን የዱንጉዛው፣ የወላይታ ባህላዊ ልብስ፣ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ከማንኛውም የስፔን ጥለት ይልቅ ደስ ይለኛል። በቀለም ሳይሆን በቀጫጭን እንጨት ይሠራል፤ ለቀዩ የተነከረ እንጨት ይገባል፣ ቢጫው የራሱ የእንጨቱ ቀለም ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ጌጡ ወደ ፊቱ መሃል አይስፋ፣ ከባድ ሙጫም አይኑረው።

ቀብድ ሲከፍሉ እነዚህን ሁሉ በወረቀት ያስፍሩ፤ የፊቱን እንጨት፣ የክሩን ርዝመት፣ የአንገቱን ስፋት፣ የቀለሙን ዓይነት፣ የሚጣበቅበትን ወቅት። የመጨረሻውን ክፍያ ጊታሩ ክር ታስሮበት ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ማረፊያው አለመነሳቱንና አንገቱ አለመጉበጡን አይተው ይክፈሉ። ወደ አዲስ አበባ ይዘውት የሚሄዱ ከሆነ የተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርገው ቦርሳው ውስጥ በበጋው ወራት ያስቀምጡ፤ ስፖንጁ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ሲረከቡ ደግሞ ከጀርባውና ከፊቱ የተረፉትን ቁርጥራጮች ይጠይቁና ይውሰዱ። ሠሪው ለሌላ ሥራ ስለሚፈልጋቸው ሳይጠይቁት አይሰጥዎትም። ከዓመታት በኋላ ስንጥቅ ቢወጣ የሚያስጠግኑበት ከዚያው ዛፍ የሆነ እንጨት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ስማቸውንና ቀኑን ጽፈው ደረቅ ቦታ ያኑሯቸው።